ድሬ ላይ ምሳና መጠጥ ከቤት ይዞ ስራ መሄድ፦ ሳይበላሽ፣ ሳይፈስ፣ ሰው ሳያስቀይም

ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሶስቴ እጠየቃለሁ። «ምሳ ከቤት ነው አይደል ይዘሽ የምትመጪው፣ በዚህ ሙቀት እንዴት ነው የማይበላሽብሽ? ደግሞስ እውነት ገንዘብ ይተርፋል?» ቢሮ አዲስ የገቡ ልጆች ይጠይቁኛል፣ የጎረቤቴ ልጅ ትጠይቀኛለች፣ ባለፈው ደግሞ ባጃጅ የሚነዳ ዘመዴ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ስራዬ ከዚራ ነው። ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን የሚነግሩን የምሳ ዘዴ እኛ ጋ አይሰራም፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲገባ ጠረጴዛ ስር የተቀመጠ ወጥ እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ለሙቀት አገር የታሰበ ነው። ሐረር ያላችሁ ትንሽ ቀለል ይልላችኋል ግን ያው ተጠቀሙበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ክዳኑ ውስጥ ጎማ ያለው ምሳ ዕቃ፣ ሁለት (አንዱ ትንሽ ቢሆን ጥሩ ነው)
- አፉ ሰፊ የሆነ የምግብ ፔርሙዝ፣ ውስጡ ብረት የሆነ
- ለሻይ የሚሆን ትንሽ ፔርሙዝ
- ሁለት የውሃ ኮዳ፣ ከሌለ ሁለት ንጹህ ሃይላንድ
- አንድ አሮጌ ፎጣ
- ቆሞ የሚቀመጥ፣ ታቹ ሰፋ ያለ ቦርሳ
- ማንኪያ፣ በትንሽ ብልቃጥ ጨውና ሚጥሚጣ
- ሂሳብ የምትጽፉበት ደብተር ወይ ስልካችሁ

ይሄን ሁሉ አንድ ቀን ቀፊራ ወይ ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ እንዳትገዙ! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ በደሞዝ ማግስት ዕቃ በዕቃ ይሆንና ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቸዋል፣ ያ ሁሉ ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ያለውን ተጠቀሙ። ከዛ የምግብ ፔርሙዙን ብቻ ግዙ፣ እሱ ላይ ግን አትሰስቱ። ውስጡ መስታወት የሆነውን ለቤት ተዉት፣ ባጃጅ ውስጥ አንዴ ከተንገጫገጨ ያበቃለታል።

ደረጃ 1፦ ሶስት ቀን ጻፉ

ምንም ሳትቀይሩ ለሶስት የስራ ቀን ከቤት ውጪ አፋችሁ ውስጥ የገባውን ሁሉ ከነዋጋው ጻፉ። ምሳውን ብቻ አይደለም፣ የጠዋቷን ሳምቡሳ፣ ውሃውን፣ ከሰዓት የምትጠጡትን ለስላሳ፣ ሻዩን፣ ለጓደኛ የከፈላችሁትንም። ሶስት ቀን ያልኩት አንድ ቀን ስለሚያታልል ነው፣ ያን ቀን ሰው ጋብዟችሁ ሊሆን ይችላል።

ለምን ያስፈልጋል? ሰው ሁሉ ገንዘቤን የሚበላው ምሳ ነው ብሎ ያስባል፣ ሲጻፍ ግን መጠጡ ጉድ ያወጣል። ለሂሳብ እንዲመቸን ምሳ 170 ብር፣ ውሃ 30፣ ለስላሳ 50፣ ሁለት ሻይ 40 እንበል። በቀን 290 ብር ነው፣ በ22 የስራ ቀን 6380 ብር። ከዚህ ውስጥ መጠጡ ብቻ በቀን 120፣ በወር 2640 ብር። አያችሁ? ከአስር ብር አራት ብሩ የሄደው በጥም ነው። ከቤት ሲሆን የምሳው አስቤዛ፣ ሻዩ፣ ስኳሩና ጋዙ ተደምሮ በቀን 100 ብር ቢመጣ በወር 2200 ነው፣ ልዩነቱ 4180 ብር። ይሄ ምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት፣ በተለይ የቤቱን ወጪ እንዳታሳንሱት፣ ዘይትና ሽንኩርት ከሰማይ አይወርድም።

ደረጃ 2፦ ከውሃ ጀምሩ

ምሳ መቋጠር የከበዳችሁ ሰዎች የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌላ ምንም። ቀላሉ እሱ ነው፣ ገንዘቡም ቶሎ ይታያል።

ማታ ውሃውን አፍሉት፣ በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል (ድሬም ሐረርም ከ2000 ሜትር በታች ስለሆኑ ነው፣ ከዛ በላይ ከፍታ ላይ ያለ ሰው 3 ደቂቃ ያፈላል)። ከዛ ከድናችሁ አሳድሩት። የኛ ከተማ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚጋግር ሁላችንም እናውቃለን፣ ፈልቶ ሲያድር ያ ነጭ ነገር ታች ይዘቅጣል፣ ጠዋት ሳትበጠብጡ ከላይ ከላዩ ቀድታችሁ ትሞላላችሁ፣ ጣዕሙም በጣም ይሻላል።

ሁለት ኮዳ ያልኩበት ምክንያት፦ አንዱን ማታ ፍሪዘር ውስጥ ታስገቡታላችሁ፣ አንዱን ጠዋት ትሞላላችሁ። የሚቀዘቅዘውን እስከ ሶስት ሩብ ብቻ ሙሉት። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፣ ጢም ካደረጋችሁት ኮዳው ይሰነጠቃል ወይ ክዳኑ ይወጣና ፍሪዘሩን ያጥለቀልቀዋል። ጠዋት በረዶውን ኮዳ በፎጣ ጠቅልሉት። ፎጣው ሁለት ስራ ይሰራል፣ በረዶው ቶሎ እንዳይቀልጥ ያደርጋል፣ ከውጪ የሚያወርደውን ላብ ደግሞ ይመጥጣል፣ አለበለዚያ ቦርሳ ውስጥ ያለው ወረቀት ሁሉ ይረጥባል። ቢሮ እስክትደርሱ ጠርዙ መቅለጥ ይጀምራል፣ እስከ ቀትር ደግሞ መሃሉ ላይ ጣት የምታክል በረዶ ትቀራለች፣ በዛ ሰዓት ያንን ውሃ ስትጠጡት ለስላሳ ምናምን አያምራችሁም፣ ወላሂ።

ፍሪዘር የሌላችሁ ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ንፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ውሃው ከጨርቁ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እናቶቻችን ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው። ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና አርጥቡት፣ ከደረቀ ጥቅም የለውም።

ደረጃ 3፦ ሻይና ሌላ መጠጥ

ሻይ ቅመሙን (ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ) ከሻይ ቅጠሉ ጋር አፍልታችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩት። ከመጨመራችሁ በፊት ፔርሙዙን በፈላ ውሃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩትና ድፉት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ የሻዩን ሙቀት ራሱ ይጠጣዋል፣ ከዛ «ፔርሙዜ አይሰራም» ይባላል። ደግሞ እስከ አፉ ሙሉት፣ ግማሽ ፔርሙዝ ሻይ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ወተት ያለበትን ነገር ግን ፔርሙዝ ውስጥ አታስገቡ። ሆጃ (ወተት ያለበት ትኩስ መጠጥ ነው) የምትወዱ ታውቁታላችሁ፣ ቤት ሲጠጣ ነው ሆጃ። ወተት ለብ ብሎ ለሰዓታት ሲቆይ ለጀርም ተመራጭ ቦታ ይሆናል፣ ሽታውም ከክዳኑ ጎማ አይለቅም። የግድ ወተት ካላችሁ የወተት ዱቄት በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ እዛው በጥብጡ። ስኳርም ለየብቻ ቢሆን ይሻላል፣ አንዱ ይወዳል አንዱ ስኳር አለበት።

ለከሰዓት የኔ ምርጫ ከርከዴ ነው። ማታ አንድ እፍኝ የደረቀ ከርከዴ በ1 ሊትር ውሃ አፍልታችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ስኳር ቀንሳችሁ፣ ቀዝቅዞ ይደር። ሁመርም (ሮቃ የምትሉትም አላችሁ) እንደዛው ነው፣ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ በእጅ አሽታችሁ፣ ማጥለል ነው። ሁለቱም ኮምጣጣ ስለሆኑ ጥም ይቆርጣሉ፣ በለስላሳ ዋጋ ደግሞ ለሁለት ቀን የሚሆን ይወጣል። ኮምጣጣ ነገር ግን በብረት ዕቃ አታሳድሩ፣ ጣዕሙ ይቀየራል፣ ብርጭቆ ወይ ፕላስቲክ ይሁን።

ቡናን በተመለከተ፣ ቡና ፔርሙዝ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ይመራል፣ ደስ አይልም። እኔ አልቋጥርም። በቀን አንድ ስኒ ከስራ ባልደረቦቼ ጋር ወጥቼ እጠጣለሁ፣ እሱን በጀት ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሁሉን ነገር ከከለከላችሁ ራሳችሁ ላይ ታምፃላችሁ።

ደረጃ 4፦ ምን ልቋጥር? የሚለውን በሙቀት ወስኑ

እዚህ ጋ ትንሽ ቆዩልኝ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ምግብ የሚበላሸው ለብ ባለ ሙቀት ነው፣ ከ5 ዲግሪ በላይ ከ60 በታች ባለው መሃል። ከ60 በላይ ትኩስ ከሆነ ጀርሙ አይራባም፣ ከ5 በታች ቀዝቃዛ ከሆነም እንደዛው፣ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ጀርሙ የሚኖርበት ውሃ የለውም። የበሰለ ምግብ በመሃለኛው ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ አየሩ ራሱ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደግሞ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ድሬ ማለት ያ ነው። ስለዚህ ምሳችሁ ከሶስቱ አንዱ መሆን አለበት፦ ደረቅ፣ የሚፋጅ፣ ወይ በረዶ ላይ ያለ። አራተኛ የለም።

ደረቁ በጣም የተናቀ ነው ግን ለኛ አገር የተሰራ ይመስለኛል። በሶ ዱቄቱን በብልቃጥ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ እዛው በቀዝቃዛ ውሃ መትታችሁ ትጠጣላችሁ። ቆሎ፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ቴምር፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ድርቆሽ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፣ ፔርሙዝ ውስጥ ትኩስ ስልስ ወይ ቀጠን ያለ ሽሮ ይዛችሁ ምሳ ሰዓት ላይ ድርቆሹ ላይ ትገለብጡታላችሁ፣ በ5 ደቂቃ ፍርፍር ነው። ቋንጣ ያለው ሰው ቋንጣውን ስልሱ ውስጥ ቀቅሎ ይጨምር።

የሚፋጀው ማለት ፔርሙዝ ውስጥ የሚገባው ነው፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ድንች በካሮት፣ ፉል፣ የአጃ ወይ የስንዴ ቅንጬ። ፈሳሽነት ያለው ነገር ሙቀት ይይዛል። ሽሮን ግን ቤት ከምትበሉት ቀጠን አድርጋችሁ ስሩት፣ ፔርሙዝ ውስጥ እየጠጠረ ይሄዳልና ቀትር ላይ በማንኪያ የሚቆረጥ ይሆናል። እንጀራውን ለብቻው ጠቅልሉ፣ ከወጡ ጋር ካደረ ይላቁጣል። እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ያን ቀን ፔርሙዝ ሳይፈልግ ይቆያል።

በረዶ ላይ የሚሄደው፦ ማታ ፍሪጅ ያደረ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል ከነልጣጩ፣ ሳንዱች። ፍሪጅ ካላደረ በረዶ አያድነውም፣ በረዶ የቀዘቀዘውን ይጠብቃል እንጂ ትኩሱን አያቀዘቅዝም።

የማይቋጠሩ፦ ማዮኔዝ ያለበት ነገር፣ አይብ፣ ዱለት፣ ክትፎ፣ አሳ። ሰላጣም ጨውና ሎሚ ገብቶበት ከቆየ ውሃ ያወጣል፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን ሙሉውን ታጥቦ ይሂድ፣ እዛው ቁረጡት።

ሩዝ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ የባክቴሪያው ዘር ሩዙ ሲበስል አይሞትም፣ ሩዙ ለብ ብሎ ሲቀመጥ ይነሳና መርዝ ያወጣል፣ ያ መርዝ ደግሞ እንደገና ብታሞቁትም አይጠፋም። እኔ ይሄን የተማርኩት በሆዴ ነው። ማታ የተሰራ ሩዝ በስጋ ድስቱ ውስጥ ምድጃ ላይ አደረ፣ ጠዋት አሙቄ ቋጠርኩት፣ ሽታውም ጣዕሙም ምንም አልነበረውም፣ ቀትር ላይ በላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማስመለስ ጀመረኝ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኝ በባልደረባዬ ተደግፌ ነው ባጃጅ የተሳፈርኩት። ስለዚህ «ሸተተ ወይ?» ብላችሁ አትመኑ፣ ሁሌ አይሸትም። ሩዝ እንደበሰለ በሰፊ ሳህን ተዘርግቶ ቶሎ ቀዝቅዞ በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ ፍሪጅ የሌላችሁ ጠዋት የሰራችሁትን ብቻ በፔርሙዝ።

ደረጃ 5፦ ማታ፣ የምሳውን ቀድማችሁ አውጡ

ለብቻው ለምሳ አታብስሉ፣ ይደክማችኋል ትተዉታላችሁ። የራቱን ወጥ አንድ ጭልፋ አብዙት። ግን (ይሄ ግን ትልቅ ግን ነው) ራት ከመቅረቡ በፊት የናንተን ድርሻ በንጹህ ጭልፋ ቀድታችሁ ለብቻው አስቀምጡት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከራት የሚተርፍ ከጠበቃችሁ አይተርፍም፣ እንግዳ ይመጣል፣ ልጆች ይደግማሉ። ሁለተኛ፣ ትሪ ላይ የቀረበ ነገር የብዙ ሰው እጅ ነክቶታል፣ እሱን መልሶ ማሳደር ለብልሽት መጋበዝ ነው።

የወጣውን ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ገልብጣችሁ አቀዝቅዙትና ፍሪጅ አስገቡ። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ ከሆነ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ነው። መብራት የሄደ ማታ ፍሪጁን ደጋግማችሁ አትክፈቱ፣ ተዘግቶ ከቆየ ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ከዛ በላይ ከሄደ የበሰለውን ለምሳ አትውሰዱ፣ ያን ቀን በሶና ቆሎ ነው። ለዚህ ነው ደረቅ ነገር ሁሌ ቤት ይኑር የምለው።

ደረጃ 6፦ ጠዋት

ቅደም ተከተሉን ካልያዛችሁት ይረፍድባችኋል፣ ስለዚህ እኔ እንደማደርገው፦ ከእንቅልፍ ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ ውሃ እጥዳለሁ። ሲፈላ ሁለቱን ፔርሙዝ እሞላና እከድናለሁ፣ በቀረው ሻይ አፈላለሁ። ወጡን በሌላ ምድጃ እያማሰልኩ እስኪንተከተክ አሞቀዋለሁ፣ ለብ ማለት አይበቃም፣ መሃሉም እንፋሎት ማውጣት አለበት። ፔርሙዙን ድፍት፣ ወጡን ወዲያው ግልብጥ፣ ክድን። ልብስ እስክለብስ ሁሉም አልቋል። ጠቅላላው 20 ደቂቃ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ትኩሱና ቀዝቃዛው አይነካኩ። በረዶው ኮዳ ከቀዝቃዛው ምሳ በላይ ይሁን፣ ከታች አይደለም፣ ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ነው የሚወርደው። ፔርሙዙ ቆሞ ይሂድ፣ ባጃጅ ውስጥ ቦርሳውን ጉልበታችሁ ላይ አድርጉት፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ከጣላችሁት ሽሮው መቼም ይፈሳል። ክዳኑን ከመውጣታችሁ በፊት ማጠቢያ ላይ ገልብጣችሁ ሞክሩት፣ አንዲት ጠብታ ከወጣች የጎማው ቦታ ላይ የምግብ ፍርፋሪ አለ ማለት ነው።

ትኩስ ወጥ በአይስክሬም ባልዲ ወይ በስስ ፕላስቲክ አትያዙ፣ ትኩስ ሻይም በሃይላንድ አይደረግም፣ ሃይላንድ ለትኩስ ነገር አልተሰራም፣ ይጨራመታል።

ደረጃ 7፦ ስራ ቦታ

ፍሪጅ ካለ እንደደረሳችሁ አስገቡ፣ «ትንሽ ቆይቼ» ሲባል ነው የሚረሳው። ከሌለ ከመስኮት ራቅ ያለ፣ ፀሐይ የማይደርስበት ወለል ላይ። መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይተው። ፔርሙዙን እስከ ምሳ ሰዓት አትክፈቱት፣ አንዴ «እስቲ ሞቋል ወይ» ብሎ ማየት ብዙ ሙቀት ያስወጣል።

ፔርሙዛችሁ ጥሩ መሆኑን እንደዚህ ፈትኑት፦ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አሙቃችሁት የፈላ ውሃ ሙሉት፣ 6 ሰዓት ላይ ስኒ ውስጥ ቅዱት። ወዲያው ፉት ማለት ከቻላችሁ ለምግብ አይሆንም፣ ለሻይ ተጠቀሙበት። ሲያቃጥል እየነፋችሁ ከጠበቃችሁ ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ «እንብላ»

ብዙ ሰው ምሳ መቋጠር የሚተወው በዚህ ነው፣ በሙቀቱ አይደለም። ምሳ ዕቃ ከፍታችሁ አጠገባችሁ ሰው ቁጭ ብሎ «እንብላ» ሳይባል አይበላም፣ ሲባል ደግሞ ለአንድ ሰው የተቋጠረው ለሶስት ይሆናል፣ ትራባላችሁ፣ ከሰዓት ወጥታችሁ ሳምቡሳ ትገዛላችሁ፣ ቁጠባው አለቀ። ተደብቆ መብላት ደግሞ አያምርም፣ ስምም ያወጣል፣ እኔም አልመክርም።

መፍትሄው መሰብሰብ ነው። እኛ አራት ነን፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ አይነት ይዘን እንመጣለን፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዱ ምስር፣ አንዷ ጎመን ወይ ፓስታ፣ አንዱ እንጀራና ቃሪያ። አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል። አንድ ሰው በልቶ የማያውቀውን ያህል አይነት ይበላል፣ ወጪው ያው የአንድ ወጥ ነው። ድንገት የመጣ ሰውም ይጎርሳል፣ ማንም አይራብም።

ድሬ ላይ ይሄን ስታደርጉ አንድ ነገር አስቡ፣ ስጋ የጋራ ትሪ ላይ አታምጡ። አንዱ ሙስሊም ነው አንዱ ክርስቲያን፣ የእርዱ ነገር አለ፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ ጾም አለ። የጾም ምግብ ግን ሁሉም ይበላዋል፣ ይረክሳል፣ በሙቀትም ከስጋ ይሻላል። ረመዳን ሲገባ የኛ ትሪ ለሁለት ሰው ይቀንሳል፣ የጾሙት ልጆች አጠገብም ይዘን አንቀመጥም፣ ጓሮ እንወጣለን። በዛ ወር በሳምንት ተራውን እንደገና አውጡ፣ ካለበለዚያ አንድ ሰው ላይ ይጫናል።

ተራ የረሳ ሰው ሲኖር አትቀየሙ፣ ግን ህግ ይኑር፦ የረሳ ዳቦ ገዝቶ ይመጣል። ይሄ ህግ ባይኖር የኛ ቡድን በሁለት ወር ይፈርስ ነበር።

ደረጃ 9፦ ልዩነቱን በዛው ቀን አውጡት

ደረጃ 1 ላይ ያገኛችሁት ልዩነት ኪሳችሁ ውስጥ ከቆየ ማታ ሌላ ነገር ይገዛበታል፣ ወር ላይ «ምሳ ቋጠርኩ ግን ምንም አልተረፈኝም» ትላላችሁ። በየቀኑ ምሳ እንደበላችሁ በቴሌብር ወደ ሌላ ሂሳብ ላኩት፣ ወይ ዕቁብ ግቡበት። እኔ ዕቁቡ ነው የረዳኝ፣ ዳኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠብቀኛል፣ ማምለጫ የለም። መላክ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ የሳምንቱን አጠራቅማችሁ አርብ ላይ አንዴ ላኩ።

የተለመዱ ስህተቶች

ሳምንቱን በሙሉ ለመቋጠር መጀመር። በሳምንት ሶስት ቀን ጀምሩ፣ ሲለምድ አምስት ይሆናል።

የእሁድ ወጥ እስከ ሐሙስ መውሰድ። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው፣ መብራት የሚሄድ ከሆነ ከዛም ያንሳል፣ ሁለት ቀን በሉት።

አንዴ ያሞቁትን ትርፍ እንደገና ወደ ቤት መልሶ ማታ ማሞቅ። ከፔርሙዝ የተረፈውን እዛው ጨርሱት ወይ ጣሉት፣ ያንን ጭልፋ ለማዳን ብላችሁ ሆስፒታል አትሂዱ።

ፔርሙዝ ታጥቦ ወዲያው መክደን። እርጥቡ ታፍኖ ይሸታል። ሌሊቱን ክፍቱን ይደር፣ ክዳኑም ለብቻው። ሽታው ከገባበት አርብ ማታ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምራችሁ ሙቅ ውሃ ሙሉበትና ሳትከድኑ አሳድሩት፣ ታቹ ላይ ወጥ ከተጋገረ ደግሞ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝና ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ በደንብ አንቀጥቅጡት። የክዳኑን ጎማ በማንኪያ ጫፍ አውጥታችሁ ስሩን እጠቡት፣ ስትመልሱት ዙሪያውን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት፣ ሰኞ ጠዋት ገልብጣችሁ ሞክሩ።